ዲቭ በተን አይደለም!

ኧረ ጎበዝ፣ ይህቺን የዲቭ ነገር እንነጋገርባት! ድረ ገጽ ሠሪ ወዳጆቻችን ባዶ ሣጥን ቀለም ይቀቡና፣ በኩዌሪ ሰሌክተር መርጠው፣ በአድ ኢቨንት ሊስነር «ክሊክ ሲደረግ ላክ» ብለው ያዙበትና «ይኸው ሠራ!» ይሉናል። ለማን ነው የሠራው? ማውዝ ለጨበጠ፣ ዓይኑ ለሚያይ!

ዓይነ ስውር ወንድማችን ኮምፒውተር የሚጠቀመው በኪቦርድና ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብለት ስክሪን ሪደር ነው። ታብ ሲጫን ዲቩን ይዘለዋል፤ ስክሪን ሪደሩም በተን መሆኑን አይነግረውም። ሙሉ ፎርም ሞልቶ፣ የምትልክለትን ነገር ሲፈልግ ይቀራል ማለት ነው። (እኛም እንዲህ ሠርተናል፤ አፍረናል።)

ታብ ኢንዴክስና ሮል እንጨምርበታለን የምትሉ አላችሁ። ኢንተሩንና ስፔሱንስ? እነሱንም ለየብቻ ልትጽፉ ነው! በተን እኮ ይህን ሁሉ ይዞ ነው የተፈጠረው፤ ኢንተር ሲመቱት ያው የክሊኩ ኮድ ይነሳል።

ጄኩዌሪ በ2006 እ.ኤ.አ. መጥቶ ማንኛውንም ኤለመንት መርጦ ክሊክ ማሰርን የአንድ መስመር ሥራ አደረገው፤ ይመስገን። የቱ መመረጥ እንዳለበት ግን ለእኛ ነው የተወው። «በተን መልኩ ያስጠላል» የምትሉትንም አንሰማም። ዲቩን ያሳመረ ሲኤስኤስ በተኑን ማሳመር ያቅተዋል?

ዛሬ ማታ ማውዛችሁን ንቀሉና የሠራችሁትን ገጽ በታብ ብቻ ሞክሩት።