የተማሪው ጭንቀት የግል ገመና አይደለም

የሰው አእምሮ ከማኅበራዊ ኑሮው ተነጥሎ አይታይም። ስለሆነም በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የሚቋቋም የምክር አገልግሎት ማዕከል የመማር ማስተማሩ ሥራ አካል እንጂ የጥቂት ደካሞች መሸሸጊያ አይደለም።

በመርካቶ በጉሊት ንግድ ወይም በሸክም ሥራ ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃ ወላጅ የቤተሰቡን ተስፋ በዚያው ልጅ ትከሻ ላይ ይጥላል። ተማሪው ትምህርቱ ሲከብደውና እንቅልፍ ሲያጣ ወላጆቹን ያሳፈረ መስሎት ዝም ይላል። ዝምታው ሲሰነብት ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ከከፋም ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል።

ወደ ምክር ማዕከሉ እንዳይሄድ የሚያግደው ምንድን ነው? መልሱ ከመርካቶ አይርቅም። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል በዚሁ በአዲስ ከተማ ይገኛል። ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል ስሙ በየሰፈሩ መሳለቂያ ተደረገ። ተማሪው የምክር ማዕከሉን በር ሲያይ የሚታወሰው ይኸው ስድብ ነው።

ይህ ኋላ ቀር አመለካከት ነባራዊ መሠረት አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ቢመሠረትም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የአገር ባለሙያ በአገር ውስጥ ባልሠለጠነበት በዚያ ረጅም ዘመን ሕመሙ የሹክሹክታ ጉዳይ ሆኖ ቢቆይ አያስደንቅም።

እንግዲህ ማዕከሉ በቂ ባለሙያና ምስጢር የሚጠበቅበት ክፍል ያስፈልገዋል። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢ ነዋሪዎች ጉዳዩን በስብሰባቸው ሊወያዩበት ይገባል። እድር ከሞት በኋላ መድረስን ያውቅበታል፤ ከሞት በፊት መድረስም የጋራ ግዴታችን ነው!