ያልተጨረሰው ጥልፍና አዲሱ ክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት የእጅ ሥራ በቤታችሁ ስንት ነው? ይህን የምጠይቀው በተለይ ዳንቴል የምትሠሩትን፣ ጥልፍ የምትጠልፉትን፣ ሰፌድና ሙዳይ የምትሰፉትን እኅቶች ነው፤ ይሁን እንጂ በገና ሊማር ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ወንድምም ጥያቄው አይመለከተኝም እንዳይል።

እኔ ስቆጥር 7 አገኘሁ። ሦስቱ ዳንቴሎች ናቸው። ሁለቱ የትራስ ልብሶች ሲሆኑ አንዱ ደግሞ ግማሹ የተሰፋ ሰፌድ ነው፤ አክርማው ደርቆ ሲነኩት ይሰባበራል። ሰባተኛው በቁም ሣጥን ግርጌ፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ የኖረ የአትሮንስ ልብስ ነው። ይህ እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ የተሳልሁት ነውና። ከ5 ዓመት በፊት ለኅዳር ጽዮን ንግሥ አደርሳለሁ ብዬ ነጭ ጨርቅና ወርቃማ ክር ገዛሁ፤ በመካከሉ መስቀል፣ ዳር ዳሩን ሐረግ ልጠልፍበት አሰብሁ። ሌሎቹን ስድስቱን የጀመርኋቸው ከእርሱ በኋላ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ መስፋትን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ሥራው የእኛን ድሪቶ ይመስላል፤ ነገር ግን ለጌጥ ታስቦ፣ በቀለምና በቅርጽ ተመርጦ የሚገጣጠም ነው። እነዚህ ሰዎች ጀምረው ለተዉት ሥራ ስም አውጥተውለታል፤ «ዩፎ» ይሉታል። በእንግሊዝኛ «ያልተጨረሰ ነገር» የሚለው ሐረግ አሕጽሮት ነው፤ በሰማይ ታየ ከሚባለው ምንነቱ ካልታወቀ በራሪ አካል ጋርም ስሙ አንድ ነው። በቀልድ ስም እስኪያወጡለት ድረስ ከደረሱ፣ እንግዲህ ድካሙ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ነገር በዙሪያዬ ሁለት ዓይነት ምክር እሰማለሁ። አንዳንድ እናቶች «የያዝሽውን ሳትጨርሺ አዲስ አትንኪ» ይላሉ። ጓደኞቼ ደግሞ «ለመዝናኛ የሚሠራ ነገር ነው፤ ማን ያስገድደናል?» ይላሉ። ሁለቱም አላሳረፉኝም። የእናቶቹ ሕግ አይጠበቅም፤ የጓደኞቼ ነፃነት ደግሞ ያንን ጥቁር ፌስታል ባየሁ ቁጥር የሚሰማኝን ነገር አያስወግድልኝም።

አዲስ ሥራ ለምን ይጣፍጣል? ገና ስላልተሳሳትንበት ይመስለኛል። ክሩ ከጥቅሉ፣ ጨርቁ ከእጥፉ ሳይወጣ በአሳባችን የምናየው ሥራ እንከን የለውም፤ እጃችን ከሚችለው በላይ ያማረ ነው። የተጀመረው ግን የእጃችንን ልክ ይነግረናል። እስኪ ያቋረጣችሁትን ሥራ አውጥታችሁ የቆመበትን ቦታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ በዘፈቀደ የቆመ አይደለም። ዳንቴል ከሆነ ቁጥሩ የጎደለበት ዙር ላይ ነው፤ ሰፌድ ከሆነ ዙሩ መጣመም የጀመረበት ላይ።

የእኔ ጥልፍ የቆመው በመስቀሉ ቀኝ ክንድ ላይ ነው። ክንዱ ከግራው በሁለት ስፌት ይረዝማል። ይህን ያወቅሁት 4 ምሽት ከደከምሁበት በኋላ ስለ ነበር መተርተሩን ጠላሁት። ጨርቁን አጥፌ «ነገ» አልሁ፤ በማግሥቱም የመጀመሪያውን ዳንቴል ጀመርሁ። ስጠየቅ «ጊዜ አጣሁ» እል ነበር። ጊዜ ያጣ ሰው ግን ስድስት ሥራ አይጀምርም።

በመጨረሻ ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸውና ስእለቱን በገንዘብ ልለውጠው እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። «ጨርቁን አምጪው» አሉኝ። ፌስታሉን ስፈታ መርፌው እንደ ተሰካ ኖሮ ዝጎ፣ በዙሪያው ቡና የመሰለ ነጥብ ጥሎበታል። እጅግ አፈርሁ። እርሳቸው ገልጠው አዩት። ስለ ስእለት ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ «የስንት ቀን ሥራ ቀርቶታል?» ብቻ አሉኝ። አላውቅም ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ አስልቼው አላውቅም። እዚያው ተቀምጬ ቆጠርሁ። የሚተረተረውን ጨምሮ 11 ምሽት ሆነ።

5 ዓመት ሙሉ የሸሸሁት 11 ምሽት ነበር።

ከዚያ በኋላ ትንቢተ ሐጌን ሳነብብ ቀድሞ ያላስተዋልሁትን አስተዋልሁ። ከባቢሎን የተመለሱት በመጡ በሁለተኛው ዓመት የቤተ መቅደሱን መሠረት ጣሉ። ከዚያ ሥራው ተቋረጠ፤ እስከ ንጉሡ ዳርዮስ ሁለተኛ ዓመት ድረስም ቆመ። በመጀመሪያ ያቆሟቸው ጠላቶች እንደ ነበሩ እውነት ነው። ነቢዩ በመጣ ጊዜ ግን ሕዝቡ ጊዜው ገና ነው እያለ የየራሱን ቤት ያሳምር ነበር። ሐጌ አዲስ መሠረት ጣሉ አላላቸውም፤ በዚያው ላይ እንዲሠሩ አሳሰባቸው እንጂ። ሥራውንም በዳርዮስ ስድስተኛ ዓመት ፈጸሙ፤ ቆሞ ከኖረበት ዘመን ይልቅ የተሠራበት ዘመን እጅግ ያጠረ ነው። ደግሞም የቀደመውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች መሠረቱን አይተው እንዳለቀሱ መጽሐፈ ዕዝራ ይነግረናል። የሚሠራውን ከሌላ ካማረ ነገር ጋር ማወዳደር እጅን ያዝላል። እኛም ግማሹን ጥልፍ የምናወዳድረው በአሳባችን ካለው ፍጹም ጥልፍ ጋር ነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ «ሁሉን ጨርሱ» ብዬ አይደለም። አዲስ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ያሉትን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ለእያንዳንዱ ስንት ምሽት እንደ ቀረው ቁጠሩ። ቁጥሩ ራሱ ይፈርዳል። ከዳንቴሎቼ አንዱ 40 ምሽት የሚፈልግ የጠረጴዛ ልብስ ነበር፤ ጠረጴዛው ከተሸጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል! ተርትሬ ክሩን ጠቀለልሁት፤ የጥጥ ክር ደግነቱ ተተርትሮም ማገልገሉ ነው። የትራስ ልብሶቹን ጥልፍ ለሚለማመዱ ታናናሽ እኅቶች ሰጠሁ። ሰፌዱ ውኃ ተረጭቶበት ለስልሶ እንደሆነ ገና እየሞከርሁት ነው። ለሰው ወይም ለቤተ ክርስቲያን ቃል የገባችሁበትን ግን እንዲህ በራሳችሁ ፈርዳችሁ አትተርትሩት፤ ለሌላም አሳልፋችሁ አትስጡት። እርሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩበት።

አዲስ ሥራስ? እናቶቼ ይቅር ይበሉኝና፣ የሚከለከል አይመስለኝም። ችግር ቀጠሮ አይሰጥም። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ሠርታ የሰጠቻቸውን ልብስ ነው፤ የበረዳት ሴት ደጇን ስታንኳኳ «የያዝሁትን ልጨርስ» ያለች አይመስለኝም። ደግሞም ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ትኩረት አይሻም። ክር እየተቆጠረ የሚሠራ ጥልፍ ጠረጴዛና ጥሩ ብርሃን ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ምሽት አይነካም። ኪሮሽና አንድ ጥቅል ክር ግን በቦርሳ ይዞራል። ለእኔ የተስማማኝ ቁጥር ሁለት ነው፤ አንድ የጠረጴዛ፣ አንድ የቦርሳ። ሦስተኛው ሲመጣ ከሁለቱ አንዱን እየሸሸሁ እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ።

የዝገቱን ነጥብ በሎሚና በጨው አሽቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ደበዘዘ እንጂ ጨርሶ አልለቀቀም። ወርቃማውን ክር በዚያው ቁጥር ብገዛም በሌላ ጊዜ የተነከረ ስለሆነ ከቀድሞው ጥቂት ይደምቃል። ቀኝ ክንዱን ተርትሬ እንደ ገና ጠልፌዋለሁ፤ ከግራው ጋር እኩል ነው። ሰንበትንና በዓላትን ሳልቆጥር ዛሬ ስምንተኛው ምሽት ነው፤ የቀረው የታችኛው ሐረግ ነው። በቦርሳዬ ደግሞ በጥቅምት ለምትወልድ ጓደኛዬ የሕፃን ኮፍያ ጀምሬያለሁ፤ ታክሲ ስጠብቅ እሠራዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።