የአሜሪካ ተወዳዳሪዎች ቃልና የነጋዴው ሒሳብ

በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ነጋዴዎቻችን «ለእኛ የሚሻለው የትኛው ነው?» እያሉ ይጠያየቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ከንግግር ብቻ መፈለግ ግን ለኪሳራ ይዳርጋል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር ሚስተር ዶናልድ ትራምፕ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ ከ10 እስከ 20፣ በቻይና ዕቃ ላይ ደግሞ 60 በመቶ ቀረጥ እንጥላለን አሉ። ወይዘሮ ካማላ ሐሪስ ይህ በሸማቹ ሕዝብ ላይ የሚወድቅ ግብር ነው ሲሉ ተቃወሙ። ይሁን እንጂ እርሳቸው ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩበት መንግሥት፣ ሚስተር ትራምፕ በፊተኛው ዘመናቸው በቻይና ላይ የጣሉትን ቀረጥ አላነሣም፤ እንዲያውም በሜይ 2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ የነበረውን ከ25 ወደ 100 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ዕድል ያስወጣውም ይኸው መንግሥት ነው፤ ጉዳቱን የሐዋሳ የልብስ ፋብሪካዎች ያውቁታል።

ከቀረጡ መጠን ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ ተወዳዳሪው ቃሉን በራሱ ፊርማ ብቻ ሊፈጽመው ይችል እንደሆነ ነው። ጥሬ ቡና ያለ አጎዋም ከቀረጥ ነፃ ይገባ ስለነበር በ2022 አልተነካም። በአፕሪል 2025 ግን ሚስተር ትራምፕ የ10 በመቶ ቀረጥ የጣሉት የሕግ አውጪው ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት በትእዛዝ ነበር፤ በቡናችንም ላይ ወደቀ። በኖቬምበር ደግሞ በሌላ ትእዛዝ ቡና ነፃ ወጣ። በእነዚያ ሰባት ወራት የቀረጡ ከፋይ በውሉ ያልተጻፈለት ላኪ ከገዢው ጋር በዋጋ መከራከሩ የማይቀር ነበር።