ዋቱን ተዉትና ገልብጣችሁ እዩት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ እንጨት ሥራ ልጀምር ነው፤ የትኛውን ሰርኩላር ልግዛ?» ከጥያቄው ጋር የሦስት አራት ማሽን ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ላይ የሚታየው ደግሞ ካርቶኑ ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ነው። 1400፣ 1800፣ 2200። ሻጩም «የዚህኛው ጉልበት አይጣል ነው» ብሎ ይጨምርበታል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። እንጨት አቋርጦ ለመቁረጥና ሰያፍ ለማውጣት የሚገዛ ሰርኩላር በዋት አይመረጥም። የሚመረጠው በ45 ዲግሪ ስንት ሚሊ ሜትር ይቆርጣል፣ መቀመጫ ብረቱ ምን ዓይነት ነው፣ መሸፈኛውስ በደንብ ይዘጋል ወይ በሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ግራይንደር አንድ ነገር ልበል። ገንዘብ ያጠራቸው ልጆች ግራይንደር ላይ ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ገጥመው ሲሠሩ በየሰፈሩ አያለሁ። መሸፈኛውንም «ይከልለኛል» ብለው ያወጡታል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሰርኩላር ግን 5,000 ገደማ ነው። ዲስኩ ላይ የሚችለው ከፍተኛ ዙር ተጽፏል፣ አንብባችሁ አስተያዩት። ዙሩ ቢስማማ እንኳ ግራይንደር እንጨቱ ላይ የሚያርፍበት መቀመጫ የለውም፣ በራሱ የሚዘጋ መሸፈኛም የለውም። ጥርሱ አንዴ ከነከሰ ማሽኑ የሚዘለው ወደ ፊታችሁ ወይም ወደ ጭናችሁ ነው። ለሰርኩላር ብር ካልሞላላችሁ በእጅ መጋዝ ቁረጡ። ቀልዴን አይደለም፤ በደንብ የተሳለ የእጅ መጋዝ ሞራሌ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል።

አሁን ወደ ጥልቀቱ። ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ኮሳይን ኑሮ ላይ ምን ይሠራልናል?» ትሉኝ የነበራችሁ፣ መልሱ ይኸው መጣ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 185 ሚ.ሜ. ዲስክ ነው። ቀጥ ብሎ ሲቆም 65 ሚ.ሜ. ያህል ይቆርጣል። ወደ 45 ዲግሪ ስታጋድሉት 65ን በ0.707 አባዙት፤ 46 ይሆናል። እንግዲህ 5 በ7 የሆነችውን ሞራሌ አምጡ። በ5 ውፍረቷ አስተኝታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ስትቆርጧት ችግር የለም። ሰያፍ ስታደርጉት ግን 50 ሚሊውን አይጨርሰውም፤ አራት አምስት ሚሊ ታች ይቀርባችኋል። ያቺን በእጅ መጋዝ ስትጨርሱ ወይም ገልብጣችሁ ከሌላ ወገን ስትመጡ ሁለቱ መስመር አይገጥምም። 2200 ዋት ቢሆንም ያው ነው፤ ዋት ዲስኩን አያረዝመውም።

ባለ 190ዎቹ ውስጥ በ45 ዲግሪ 50 ሚሊ የሚደርሱ አሉ። በወረቀት ላይ ይበቃል። ግን የእኛ ያልተላገ ባህር ዛፍ 5 ተብሎ ተሸጦ 5.2 ሆኖ እንደሚመጣ የገዛ ያውቀዋል። ባለ 235ቱ ቀጥ ሲል 85፣ ሰያፍ ሲሆን 60 አካባቢ ስለሚቆርጥ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ክብደቱ ግን 7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ትንሹ 4 ኪሎ አካባቢ። መሰላል ላይ ቆማችሁ 7 ኪሎ ስታነሡ ውላችሁ ማታ እጃችሁን ጠይቁት። የእኔ ሐሳብ፦ ጣሪያ፣ ወራጅና ሞራሌ ዋና ሥራችሁ ከሆነ 235 ግዙ። አልጋ፣ መደርደሪያ፣ ጠረጴዛ ከ2 እና ከ3 ሳንቲም ጣውላ የምትሠሩ ከሆነ 185 ወይም 190 ከበቂ በላይ ነው።

ሰያፍ ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እንደሆነም ልብ በሉ። አንደኛው ዲስኩ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንጨቱ ፊት ላይ የተሰመረውን ያጋደለ መስመር ሲከተል ነው። የወራጅ ጫፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚቆረጠው፤ ለዚህ ጥልቀት አይቀንስም። ሁለተኛው ራሱ ዲስኩ ሲጋደል ነው፤ የሳጥን ማዕዘን የሚገጠመው በዚህ ነው። ጥልቀት የሚበላው ይሄኛው ነው።

ስለ መቀመጫ ብረቱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ማንም ሲያየው አላየሁም። ርካሾቹ ላይ ከቆርቆሮ ትንሽ የሚሻል የታጠፈ ላሜራ ነው። አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ከወደቀ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ሰያፍ አትጠብቁ። ወፍራም ላሜራ ወይም የተቀለጠ አልሙኒየም ይሻላል። ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ስኳድራ በኪሳችሁ ያዙ። ማሽኑ ሶኬት ላይ ሳይሰካ ገልብጡት። ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ስኳድራውን በዲስኩና በመቀመጫው መሃል አስጠጉ፤ ብርሃን ካሳለፈ የሚያስተካክለው ብሎን እንዳለው ጠይቁ። 45 ላይ አድርጋችሁ ደግሞ ሞክሩ፣ ማጥበቂያውን አጥብቃችሁ በእጅ ግፉት። ቀጥሎ ከአንድ ጥርስ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ያለውን ርቀት ከፊት ለኩ፣ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙራችሁ ድገሙት። ሁለቱ ልክ እኩል ካልሆነ ዲስኩ እንጨቱን እያሻሸ ነው የሚሄደው፤ ያቃጥለዋል፣ ያንቀዋል። ሻጩ «ምን አካበድከው» ቢላችሁ አትፈሩ።

ግማሽ ዲግሪ ምን ትጎዳለች ትሉ ይሆናል። አራት ማዕዘን ሳጥን ስምንት ሰያፍ አለው። ስምንት ግማሽ 4 ዲግሪ ነው። ሦስቱ ማዕዘን በግድ ገጥሞላችሁ አራተኛው አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል፤ ያኔ በኮላና በመጋዝ ብናኝ መድፈን ይጀመራል፣ ደንበኛውም ያየዋል።

የታችኛው መሸፈኛ ላይ ግን ድርድር የለኝም። በጣት ወደ ኋላ ስባችሁ ልቀቁት፤ ሞላው ቷ አድርጎ ካልዘጋው ማሽኑን መልሱ። ማሽኑን እንዳጋደላችሁም ሞክሩት፤ አንዳንዱ ዜሮ ላይ ይዘጋና 45 ላይ ይንቀራፈፋል። ሰያፍ ሲጀመር መሸፈኛው እንጨቱ ጠርዝ ላይ የመያዝ ጠባይ ስላለው ነው ብዙ ሰው በሽቦ አስሮ ክፍት የሚተወው። ለዚያ የተሠራች እጀታ አለችው፤ በእሷ አንሥታችሁ ሁለት ሦስት ሳንቲም ከገባ በኋላ ልቀቋት። የታሰረ መሸፈኛ ያለው ያገለገለ ማሽን በርካሽ ካገኛችሁ ለምን እንደረከሰ አስቡት።

ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የመጣውን ብቻ አትቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ 24 ጥርስ ነው፤ ወደ ቁመቱ ለመሰንጠቅ ጥሩ ነው፣ አቋርጦ ሲቆርጥ ግን ጠርዙን ይሸራርፈዋል። ለማቋረጥ 40፣ ለዋንዛና ለኮምፐርሳቶ 60 ጥርስ ግዙ። የመሃል ቀዳዳውን ሳትለኩ ግን አትግዙ፤ 20 አለ፣ 30 አለ፣ 16 የሚጠጋም አለ። ሰርኩላር የሚቆርጠው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ የሚሸራረፈው የላይኛው ፊት ነው፤ የሚያምረውን ፊት ወደ ታች አድርጉት። ጥርሱ ከእንጨቱ ስር ከአምስት ሚሊ በላይ እንዲወጣ አታድርጉ። እንጨቱንም በሁለት ጫፍ ደግፋችሁ መሃሉን አትቁረጡ፤ ይጎብጥና ዲስኩን ይይዘዋል፣ ማሽኑም ወደ ኋላ ወደ እናንተ ይመጣል። ተቆርጦ የሚወድቀው ወገን በነፃ ይውደቅ። እርጥብ ባህር ዛፍ እንዲያውም ደግፋችሁትም ይይዛል፤ ቢደርቅ ይሻላል።

ካርቦኑ እናንተ ከተማ ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቀጭን የኤክስቴንሽን ገመድ ጠቅልላችሁ አትሥሩበት፤ ሞተር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ለወንድማችሁ ልትልኩ ያሰባችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን ባለ ገመዱን አትላኩ። የእናንተ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቀጥታ ከተሰካ ያበቃለታል። ትራንስፎርመር ይገዛል እንዳትሉ፣ 15 አምፔር የሚወስድ ማሽን 1800 ዋት ስለሆነ ከ2000 በላይ የሚችል ከባድ ብረት ነው የሚያስፈልገው፤ ያን ተሸክሞ ሥራ ቦታ ለሥራ ቦታ ማን ይዞራል? የባትሪው ይሻላል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። እናንተ ጋ 20 ቮልት ማክስ የሚባለው ሌላ አገር 18 ተብሎ የሚሸጠው ነው። ባለ 5 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከ100 በታች ነው፤ ትርፉ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም። ባለ 165 ሚሊ ዲስኩ በ45 ዲግሪ 40 ገደማ ብቻ እንደሚቆርጥ ግን ለልጁ ንገሩት፣ ሞራሌዋን በሰያፍ አትጨርስም። ቻርጀሩን ከዚሁ ይግዛ፤ የእናንተ ቻርጀር አብዛኛው 120 ብቻ ነው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ፎቶ ስትልኩልኝ የካርቶኑን አትላኩ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍና የተገለበጠውን መቀመጫ አንሥታችሁ ላኩልኝ።