ጽሑፉ ተቆጠረ፤ ማን አነበበው?

አንድ ምሁር ንግግር ሊያደርጉልን ወደ አዳራሽ ሲገቡ ሰብሳቢው በቅድሚያ የሚነግረን ስንት ጽሑፍ እንዳሳተሙ ነው። «ከ100 በላይ» ሲባል እናጨበጭባለን። ከመቶው አንዱን አንብበን እንደ መጣን ግን የሚጠይቀን የለም፤ እኛም ራሳችንን አንጠይቅም። ይኸ ልማድ ምን እንደሚያስከትል በሰመመን ሕክምና የደረሰው ነገር በደንብ ስለሚያሳይ፣ ዛሬ እሱን አንሥተን አስተያየታችንን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓናዊው የሰመመን ሐኪም ዶክተር ዮሺታካ ፉጂ ከ1990 ጀምሮ 20 ዓመት ያህል ያለ ዕረፍት ጻፉ። ዋና ጉዳያቸው ከኦፕራሲዮን በኋላ በሽተኛውን የሚያስቸግረው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሲሆን፣ ለዚሁ ግራኒሴትሮን የተባለውን መድኃኒት ደጋግመው እንደ ሞከሩ ይገልጹ ነበር። የጽሑፎቻቸው ቁጥር ከ200 አለፈ። በ2000 በጀርመን አገር የሚሠሩ ሦስት ሐኪሞች ለአንድ የታወቀ የሙያ መጽሔት ደብዳቤ ልከው፣ የዶክተሩ ውጤት ከመጠን በላይ ያማረ መሆኑን አመለከቱ። ራስ ምታት ያገኛቸው በሽተኞች ቁጥር እንኳ ከቡድን ቡድን ተመሳሳይ ነበር፤ ሥጋ የለበሰ ሰው ደግሞ እንዲህ በሰልፍ አይታመምም። መጽሔቱ ደብዳቤውንም የዶክተሩንም መልስ አተመ፤ ዶክተሩም መጻፋቸውን ቀጠሉ። እኛን ከማጭበርበሩ ይልቅ የሚያስደነግጠን ይኸ ዝምታ ነው። ቁጥሩ ለሁሉም የታየ ነበር፤ ያየም ሰው ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ 12 ዓመት አለፈ።

በ2012 እንግሊዛዊው የሰመመን ሐኪም ጆን ካርላይል ከዶክተሩ ጽሑፎች 168 ሙከራዎችን ወስደው ቁጥራቸውን በስታቲስቲክስ መረመሩ። ዘዴው ለማንኛችንም የሚገባ ነው። በሽተኞች በዕጣ ወደ ቡድን ሲከፈሉ የዕድሜያቸው፣ የቁመታቸውና የክብደታቸው አማካይ በመጠኑ ይለያያል፤ ልዩነቱም የአጋጣሚን ሕግ ይከተላል። የዶክተሩ ቁጥሮች ግን በአጋጣሚ ሊገኙ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት የጃፓን የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር 212 ጽሑፎችን መርምሮ 172ቱ የተፈበረኩ መሆናቸውን፣ ከነዚህም 126ቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጠራ መሆናቸውን አስታወቀ። እውነተኛነታቸው የተረጋገጠው 3 ብቻ ናቸው። ስማቸው አብሮ ከታተመው ባልደረቦች መካከል ነገሩን ጨርሶ የማያውቁም ነበሩ።

ማስመለስ ሰው አይገድልም ለሚለን ሌላ ምሳሌ አለን። የጀርመኑ የሰመመን ሐኪም ዮአኪም ቦልት፣ በጠና ለታመሙና ደም ለፈሰሳቸው ሰዎች በደም ሥር ስለሚሰጥ ከስታርች የተሠራ ፈሳሽ ብዙ ጽፈዋል። ከ2010 ወዲህ በተደረገው ምርመራ ምክንያት እስካሁን ከ200 በላይ ጽሑፎቻቸው ከየመጽሔቱ ተሰርዘዋል። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች ስለዚሁ ፈሳሽ የተደረጉ 38 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመዝኑ፣ የቦልት 7 ሙከራዎች ሲካተቱ በሞት ረገድ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ሰባቱ ሲወጡ ግን ፈሳሹ የሞትንና የኩላሊት ጉዳትን አደጋ የሚጨምር ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በመጽሔት ገጽ ላይ የተኛው ቁጥር አልጋ ላይ እስከ ተኛው በሽተኛ ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው።

ብዙ መጻፍ ነውር ነው አላልንም። አሜሪካዊው ኤመሪ ብራውን የሰመመን ሐኪምም የአንጎል ተመራማሪም ናቸው፤ የእሳቸውም ዝርዝር አጭር አይደለም። በ2010 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሐኪሞች በሽተኛውን ሲያጽናኑ «እንቅልፍ» የሚሉት ሰመመን በአንጎል ሥራ ረገድ ከእንቅልፍ ይልቅ ወደ ኮማ የሚቀርብ፣ ነገር ግን የሚመለስ ሁኔታ መሆኑን አስረዱ። ቀጥለውም ፕሮፖፎል የተባለው ማደንዘዣ ሰው ራሱን ሲስት የአንጎሉን ሞገድ እንዴት እንደሚለውጥ ከሥራ ጓዶቻቸው ጋር አሳዩ። የአንዱ ጽሑፍ ጥያቄ ከሌላው ይወለዳል፤ ጠርጣሪም ሞገዱን ራሱ ቀድቶ ሊያይ ይችላል። በቁጥር ብቻ ለሚመዝን ዳኛ ግን ፉጂም ብራውንም አንድ ናቸው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የመምህራን የማዕረግ ዕድገት ሲታይ የታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል። መምህሮቻችን ይኸን በማንሣታችን ይቆጡን ይሆናል፤ የሚያስተምሩት ክፍል ብዛት፣ የሚያርሙት ወረቀት ክምር፣ በዚያ ላይ «ካላሳተምህ አታድግም» መባሉ ምን ያህል እንደሚያስጨንቃቸው እናያለን። ኮሚቴው ሁሉን ለማንበብ ጊዜ የለውም የሚለውንም ሰምተናል። ሁሉን ያንብብ አላልንም። ጸሐፊው ራሳቸው የሚመርጧቸውን ሦስት ጽሑፎች ከነቁጥር ሰንጠረዣቸው ያንብብ፤ ጥያቄም ይጠይቅ። ካርላይልም ቢሆኑ በሆስፒታል በሽተኛ የሚያዩ ሐኪም እንጂ ሥራ ፈት አልነበሩም።

የእኛም ድርሻ አለ። የተማሪዎች ማኅበር እንግዳ ተናጋሪ በሚጋብዝበት ጊዜ ከእንግዳው ጽሑፎች አንዱ ከሳምንት በፊት ተባዝቶ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጥ፤ ያነበቡም ተማሪዎች በመጀመሪያ ይጠይቁ። ለማባዣው የሚያስፈልገውን ወረቀት ከማኅበሩ መዋጮ እንዲፈቀድልን በሚቀጥለው ስብሰባ እናመለክታለን።