የሠዓሊው ደጅ

በዚህ ወር ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ በጸጥታ የሚያልፍ፣ ነገር ግን የአንድን ልጅ ዕድሜ ሊያቀና ወይም ሊያጎብጥ የሚችል ነው። ይኸውም ሥዕል የሚወድ ልጅ ጉዳይ ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በማስተማር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ሁላችን የምናውቀው ነገር አለ፤ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች መካከል የሒሳብ ደብተሩን የኋላ ገጾች በፈረስ፣ በበሬ፣ አንዳንድ ጊዜም በአስተማሪው መልክ የሚሞላ አንድ ሁለት ልጅ አይታጣም። አባት ደብተሩን ገልጦ ሲያይ «ወረቀት አበላሸህ» ብሎ ይቆጣል፤ እናትም «ይህ እንጀራ ይሆንሃልን?» ብላ ታዝናለች። ቁጣውም ኀዘኑም ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን የእናቲቱ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ሳያገኝ ብዙ ዘመን ቆይቷልና ዛሬ ጥቂት እንነጋገርበት።

አስቀድመን ወደ ኦሪት እንመለስ። የመገናኛው ድንኳን በተሠራ ጊዜ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤል፣ ከዳን ነገድ ኤልያብ በስማቸው ተጠርተው፣ በወርቅና በብር፣ በድንጋይና በእንጨት፣ በጥልፍም ሥራ እንዲራቀቁ የጥበብ መንፈስ እንደ ተሰጣቸው የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ግን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 የሚገኘው ሌላው ስጦታቸው ነው፤ እርሱም ሌላውን የማስተማር ልብ ነው። የእጅ ጥበብና የማስተማር ፈቃድ በአንድነት ተሰጡ እንጂ አንዱ ከሌላው ተለይቶ አልተሰጠም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የምንፈልገው አንድ ነገር ይህ ነው፤ የሠዓሊ ጥበብ የሚጸናው ሠዓሊው ደጁን ከፍቶ እጁን ሲያሳይ ነው።

አባቶቻችን ሠዓሊዎች እንዴት ይማሩ እንደ ነበር እናስታውስ። ደቀ መዝሙሩ ወደ መምህሩ ቤት ገብቶ ውሃ ይቀዳል፣ ቀለም ይፈጫል፣ ሙጫ ያፈላል፤ ከዚያ በኋላ የልብስ እጥፋትን፣ ቀጥሎ እጅንና እግርን፣ በመጨረሻም ፊትን እንዲሥል ይፈቀድለታል። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ፣ ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በሙጫ ይለጠፍ ነበር። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን በጎን እንዲሣሉ የሚያዘው ሥርዓትም የተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። ከእነዚህ ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውና ሥራው በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ፍሬ ጽዮን ስማቸው ከታወቀላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህ ትምህርት ትሕትናንና ትዕግሥትን የሚያስተምር መልካም ትምህርት ነበር። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ መምህሩ ደቀ መዝሙር ሳይተካ የሞተ እንደ ሆነ የቀለሙ አዘገጃጀት፣ የእጁም ዘዴ አብረውት ይቀበሩ ነበር።

ይህን የተዘጋ ደጅ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ከእርሳቸው በፊት አገኘሁ እንግዳ ወደ ፓሪስ ተሻግረው የአውሮፓን የዘይት ቀለም አሣሣል ተምረው ተመልሰዋል። አለ ፈለገ ሰላም ግን የፍቼ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተገኙ ሲሆኑ፣ አጎታቸው እማዕላፍ ኅሩይም ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። እርሳቸውም በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ያወቁትን ለብቻቸው አልያዙትም። ፍላጎት ያላቸውን ወጣቶች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ይህም ጥረት አድጎ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን የመሳሰሉ ታላላቅ ሠዓሊዎች አስተምረውበታል፤ በኋላም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል። አለ ፈለገ ሰላም በ2008 ዓ.ም. ቢያርፉም፣ የከፈቱት ደጅ አልተዘጋም። ልብ በሉ! ይህ ሁሉ የተጀመረው አንድ ሠዓሊ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቦ «ኑ፣ እዩ» በማለቱ ነው።

«እርሱ የሆነው በአዲስ አበባ ነው፤ ለእኛ ከተማ ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለዚህ ከዋና ከተማ ውጭ የኖረ ሠዓሊ ምሳሌ እናመጣለን። ሠዓሊ ለማ ጉያ በአየር ኃይል ያገለገሉ የቢሾፍቱ ሰው ናቸው። በዘይት ቀለም ከመሣላቸውም በላይ በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች ይታወቃሉ። ሥራቸውን በዚያው በቢሾፍቱ በሙዚየም አኑረው ለጎብኚ ሁሉ አሳዩ፤ ለወጣቶችም የሥዕል ትምህርት ይሰጡ ነበር። ወንድሞቻቸውም ሠዓሊዎች ሆነዋል። በ2013 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ብዙዎች ያለቀሱት ለሥዕላቸው ብቻ ሳይሆን ለመምህርነታቸውም ነበር። እንግዲህ አንዲት ከተማ ሠዓሊ ለማፍራት ዋና ከተማ መሆን አያስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት የተከፈተ ደጅ ያለው አንድ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ትምህርቱ ስለ ምን በዓይን መታየት እንዳለበት እንግለጽ። የዘይት ቀለም ከመጽሐፍ ብቻ የሚማሩት ጥበብ አይደለም። ቀለሙ የተፈጨ አፈር ወይም ማዕድን ሆኖ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ደግሞ ለእኛ እናቶች እንግዳ አይደለችም። ይህ ዘይት ውሃ ተንኖ እንደሚደርቅ አይደርቅም፤ ከአየር ውስጥ ኦክስጅንን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ ላይ ላዩን የደረቀ የመሰለ ሥዕል ውስጡ ገና ለጋ ሊሆን ይችላል፤ ወፍራም ሥዕልም ቫርኒሽ ሳይቀባ ብዙ ወራት መታገሥ አለበት። ሸራውም አስቀድሞ ሙጫና ነጭ ቅብ ካልተቀባ ዘይቱ ክሩን እያበላ ያበሰብሰዋል። የታችኛው ቅብ በአኳራጅ የቀጠነ፣ የላይኛው ግን ዘይቱ የበዛ መሆን ይገባዋል፤ ይህ ሥርዓት የተገለበጠ እንደ ሆነ የላይኛው ቅብ ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ በቃል መናገር ይቻላል፤ ምን ያህል ቀጭን፣ ምን ያህል ወፍራም እንደ ሆነ ግን የሚያስተምረው የመምህሩ እጅ ብቻ ነው።

በቀድሞ ዘመን በአውሮፓም ሠዓሊ ከቤቱ ርቆ በዘይት ቀለም መሥራት ይቸግረው ነበር፤ የተለወሰውን ቀለም የሚያስቀምጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ክዳን ያለው የብረት ቱቦ ፈለሰፈ፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊ ቀለሙን በከረጢት ይዞ ወደ ሜዳና ወደ ገበያ መውጣት ቻለ። በዚህም ምክንያት ዛሬ አንድ ሠዓሊ ባለ ሦስት እግር መደገፊያውን በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በአደባባይ ዘርግቶ፣ ሕዝብ እያየው መሣል ይችላል። ልጆች ባዶ ሸራ ቀስ በቀስ ፊት ሲሆን፣ ስሕተትም በቢላዋ ተፍቆ ሲታረም ሲያዩ የሚማሩት ትምህርት ትልቅ ነው። የተጠናቀቀ ሥዕል ብቻ ያየ ልጅ ሠዓሊነት ከሰማይ የሚወርድ ተአምር ይመስለዋል፤ ሲሠራ ያየ ልጅ ግን ሥራ መሆኑን ያውቃል።

ወደ ጉራጌ አገራችን እንምጣ። የዚህ አገር ሰው እጅ ለሥራ ያልተፈታ አይደለም። ከእንሰት ቆጮ እስኪገኝ ድረስ የሚደረገውን ድካም፣ በመካከለኛው ምሰሶ ላይ የሚዋቀረውን ክብ ቤት አሠራር፣ በመስቀል ዋዜማ እናቶች ቤታቸውን በአፈር ቀለም ሲለቀልቁና ሲያስጌጡ የሚያሳዩትን ብልኀት ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ያ የአፈር ቀለም እኮ በሠዓሊው ቱቦ ውስጥ ያለው ቢጫና ቀይ አፈር ወንድም ነው! ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ዳርም የጢያ ትክል ድንጋዮች ሰይፍ ተቀርጾባቸው ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ያ ምድር ጥንትም የጥበብ እጅ አልጎደለበትም። የጎደለው ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደው የሚማሩበት የተከፈተ ደጅ ነው።

ይህንን ለማድረግ ብዙ ሀብት አያስፈልግም። የጉራጌ ተወላጆች ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበር ተደራጅተው፣ ከየሱቃቸውና ከየደመወዛቸው አዋጥተው መንገድ አስጠርገዋል፤ ትምህርት ቤትም አሠርተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መንገድ ያስጠረገ ሕዝብ ብርሃን በደንብ የሚገባበት አንድ ክፍል ማሰናዳት አያቅተውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ከሰልና ወረቀት ብቻ ነው፤ እንስራን፣ ጣባን፣ የእንሰትን ቅጠል እያዩ መሣልን ይልመዱ። የዘይቱ ቀለም የሚመጣው ዓይን ከተገራ በኋላ ነው። መምህርም ከሩቅ ላይፈለግ ይችላል፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተምሮ የመጣ ወጣት፣ ወይም የሱቅ ሰሌዳ ሲጽፍ የኖረና ዛሬ በማተሚያ መኪና ምክንያት ሥራው የቀዘቀዘበት ባለሙያ በአካባቢያችሁ አለ እንደ ሆነ ጠይቁ።

ለወላጆች ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛው፣ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ በጥግ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ቀለሞች እንደ እርሳስ ያለ መርዝ አለባቸው፤ ልጅ ብሩሽን በአፉ እንዳያሾል፣ እጁንም ሳይታጠብ እንዳይበላ ተቈጣጠሩት። አኳራጅ ሲከፈትም መስኮት ይከፈት።

ስለ ቅዱሳት ሥዕላትም አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ዛሬ በብዙ ቦታ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ በማተሚያ የተባዛ ሥዕል ይሰቀላል። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በአቅራቢያ የሚሥል ሰው አለመኖሩም ነው። ሆኖም ገና ብሩሽ መያዝ የጀመረን ልጅ ወደ ቅዱሳን ሥዕል አናጣድፈው። ያ አገልግሎት ከእጅ ሌላ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ማወቅን፣ ጾምንና ጸሎትን ይጠይቃል። ልጁ አስቀድሞ የአያቱን መልክ በእውነት መሣል ይቻል፤ ጸጋው ካለው ሌላው በጊዜው ይመጣል። የሚቀድመው ሳይኖር ግን የሚከተለው ከየት ይመጣል?

«እንጀራ ይሆናልን?» ላለችው እናትም እውነቱን እንመልስላት። ሥዕል የተማረ ሁሉ በሥዕል አይኖርም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ማየትን የተማረ ዓይን ለአናጢም፣ ለሕንፃ ነዳፊም፣ ለልብስ ሰፊም፣ ለሐኪምም ይጠቅማል። ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት የሚማር ልጅ ሒሳቡን አይተውም፤ እንዲያውም የሚወደው ነገር ጊዜና ቦታ ስለ ተሰጠው በሒሳብ ደብተሩ ላይ መሣሉን ይተዋል። ለሴቶች ልጆቻችንም እንዲሁ ነው። ደስታ ሐጎስ ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነው ሥራቸውን ለሕዝብ አሳይተዋል፤ ቤቷን በአፈር ቀለም የምታስጌጥ እናት ልጅ ብሩሽ እንዳትይዝ የሚከለክላት ምንም ሕግ የለም።

የመስቀል በዓል በደረሰ ጊዜ በየአገሩ የተበተነው የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከእነርሱ መካከል ሥዕል የተማረ ሰው ቢኖር፣ ከክትፎውና ከጨዋታው ተርፎ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መደገፊያውን በአጥቢያው ዘርግቶ ለልጆች ይሣል፤ ሽማግሌዎችም ወንበር አውጥተው ይቀመጡለት። በማግሥቱ ስንት ልጆች «እኔም ልሞክር» እንዳሉ ወላጆች ይቍጠሩ። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ክፍሉንና ቅዳሜውን መፈለግ ቀላል ነው። ባስልኤልን በስሙ የጠራ አምላክ የልጆቻችንንም እጅ ይባርክ፤ የሚያስተምራቸውንም ልብ ይስጠን።