አሮጌው የባቡር መንገድ ለእግረኛ ይተርፍ

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በረሓውን አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ቆላውን በደጋ ለውጦ ለገሃር ይደርስ የነበረው አሮጌው የምድር ባቡር መንገድ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ባቡር ካልሄደበት ብዙ ዓመት ቢቆጠርም፣ መንገድነቱ ፈጽሞ አልሞተም። ሐዲዱ በየስፍራው ቢነቀልም፣ ከጣቢያዎቹ የሚበዙት ቢዘጉም፣ በየኮረቱ መካከል ሣርና ቁጥቋጦ ቢበቅልም፣ የቀድሞ ሠራተኞች ኮረብታ ቆርሰውና ጐድጓዳ ሞልተው ያስተካከሉት ጠባብ መደብ በብዙ ቦታ እንደ ተዘረጋ ይገኛል፤ ባላገሩም በእግሩ ይሄድበታል፣ ከብቱንም ይነዳበታል። የዚህ ጽሑፍ ልመና አንድ ነው፤ ይኸውም ይህ መደብ ተቆራርጦ ከመጥፋቱ በፊት የሕዝብ መተላለፊያነቱ በሕግ ጸንቶ፣ ባቡር የተወውን መንገድ እግረኛና ብስክሌተኛ እንዲወርሱት ነው።

ከመርካቶ፣ ከጭድ ተራ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ስለ ምድር ባቡር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ ሩቅ አይደለም። በአባቶቻችን ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲና ቆርቆሮ ለገሃር ከፉርጎ ወርዶ ወደ ገበያችን ይወጣ ነበር፤ ከየአገሩ የተሰበሰበው ቡናና ቆዳም በዚያው በር ወደ ባሕር ይወርድ ነበር፤ ስለዚህ የመርካቶ ነጋዴ ቢያስብበት ለዚያ ሐዲድ ባለ ዕዳ ነው። ሁለተኛውም ምክንያት ከዚህ ያልተናነሰ ነው። በጭድ ተራ ተሸካሚው፣ አህያው፣ የእጅ ጋሪውና የጭነት መኪናው በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ሲጋፉ ይውላሉ፤ በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ብስክሌት የሚማርበት ሜዳ፣ አረጋዊም ሳይደነግጥ የሚራመድበት ጎዳና ማግኘቱ ጭንቅ ነው። ከመኪና የተለየ፣ ለጥ ያለና ረጅም መንገድ ለባለጠጋ መዝናኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንድ ቀን በመርካቶ ሸክም ተሸክሞ ይለፍና አሳቡን ይመርምር።

ይህ መንገድ እንዴት እንደ ተሠራ ማስታወስ ስለምን እንዳይጠፋ እንደምንሟገት ያስረዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሥራውን ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሙሴ ሸፍኔም ተባባሪው ሆነ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደ በግርጌው አልፎ፣ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፣ ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ከተቈረቈረችበት ስፍራ ደረሰ። በዚያም የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ስለ ወደቀ ሐዲዱ ለዓመታት ቆመ፤ ሁለተኛ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቢቀጥልም፣ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ ገና ከመናገሻ ከተማቸው አልደረሰም ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ዛሬ ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ ተመርቆ የተከፈተው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው። ከፈቃድ እስከ ፍጻሜ 23 ዓመት የፈጀ፣ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ስማቸው በመዝገብ ያልተጻፈ ብዙ የጉልበት ሠራተኞች በበረሓ ንዳድና በወባ ወድቀው ያቀኑት ሥራ ነውና፣ የአንድ ትውልድ ቸልታ ሊሽረው አይገባም።

መንገዱ ለአገሪቱ ያመጣው ለውጥ ብዙ ነው። ድሬዳዋን የወለዳት እርሱ ነው፤ አዋሽ ሰባትም በጣቢያዋ ዙሪያ አደገች። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ የወረዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። በኋላ ዘመን የጭነት መኪና ተፎካከረው፣ ጦርነት ድልድዮቹን ጐዳ፣ መለዋወጫም ታጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው ጉዞ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲስ ባቡር በሌላ ሰፊ ሐዲድ ተመርቆ ሲከፈት፣ አሮጌው መንገድ ከሞላ ጐደል ያለ ሥራ ቀረ። በአዲሱ ደስ መሰኘታችን ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን የአዲሱ መምጣት የአሮጌውን መሬት የማንም አላደረገውም፤ የሕዝብ የነበረው የሕዝብ ነው።

የተተወ የባቡር መንገድ ለእግርና ለብስክሌት ስለምን እንደሚስማማ በአእምሮ መርምሮ ማወቅ ይቻላል። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ከባድ ጭነት የሚስብ ባቡር ቀጥ ያለውን ዳገት ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ኮረብታ በገጠመው ጊዜ ወይ ይዞረዋል፣ ወይ ይቆርሰዋል፤ ሸለቆ በገጠመውም ጊዜ ወይ አፈር ይሞላዋል፣ ወይ ድልድይ ይዘረጋበታል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ የወጣው መንገዳችን፣ ያን ሁሉ ከፍታ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አከፋፍሎ በቀስታ ይወጣዋል። ለባቡር ድካም ሲባል የተደረገው ይህ ጥበብ ዛሬ ለደከመ ጉልበት፣ ለሕፃን፣ ለብስክሌተኛ የተዘጋጀ በረከት ሆኖ ይገኛል፤ መኪና የሌለበት፣ ዳገቱ የተገራ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርስ ጎዳና ዛሬ አዲስ ልሥራ የሚል መንግሥት ወጪው ከአሳቡ ይመልሰዋል።

መንገዱን በእግር የሚመረምር ሰው የአገሩን ታሪክና ተፈጥሮ በአንድ መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ያነብባል። ከሞጆ እስከ አዳማ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ለጀማሪ የአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል፤ የጤፉን ማሳ በቀኝና በግራ እያዩ፣ መደቡ የት እንደ ተቆረሰና የት እንደ ተሞላ እየለዩ፣ ከሥሩ የክረምትን ጐርፍ የሚያሳልፉትን የድንጋይ ቦዮች እየመረመሩ መሄድ ራሱ ትምህርት ነው። ወደ መተሃራ የወረደ ሰው በአንድ ወገን የፈንታሌን ተራራ፣ በሌላ ወገን የበሰቃን ሐይቅ ያያል፤ ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ይህ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የባቡሩንም የመኪናውንም መንገድ ያስጨነቀ ነውና፣ ምድር በሰው ዕድሜ ምን ያህል እንደምትለወጥ በዐይን ያሳያል። ከአዋሽ ወዲያ አሰቦት ሲደርስ ደግሞ የደብረ ወገግ ገዳም ያለበትን ተራራ አሻቅቦ ያያል፤ ጸሎትና ምናኔ ከጸናበት ከዚያ ደብር ግርጌ የእንፋሎት ባቡር ጢሱን እየተፋ ያልፍ እንደ ነበር ማሰብ ሁለቱን ዘመናት በአንድነት ለኅሊና ያቀርባል። ጕዞውንም ድሬዳዋ ላይ ሲፈጽም፣ በባቡሩ ምክንያት የተቀየሰውን ከዚራን፣ ጥላ የሞላበትን ጎዳናውን፣ የቀድሞዎቹ ባቡሮች ይጠገኑበት የነበረውንም ወርክሾፕ ያገኛል።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያዝንበትም ስፍራ አለ። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ የመንገደኞች ባቡር ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከድልድዩ ወደ ገደል ስለ ወደቀ፣ 400 የሚያህሉ ወገኖቻችን አለቁ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። መንገዱ ለእግረኛ ቢከፈት በዚያ ስፍራ ዝክረ ሙታን የሚሆን የድንጋይ ሐውልት ቢቆምና መንገደኛው ቆሞ ነፍስ ይማር ብሎ ቢያልፍ፣ ለሟቾቹ የዘገየ ክብር፣ ለሕያዋንም የጥንቃቄ ትምህርት ይሆናል።

በእግር መጓዝ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ የሚተምመው ተሳላሚ፣ ስለቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲሄድ፣ የጕዞው ድካም የበረከቱ ክፍል መሆኑን ያምናል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው የሚያልፍበትን አገር ሰላም እያለ፣ ውሃ እየለመነ፣ ቤት ለእንግዳ እየተባለ ያልፋልና፣ ከመኪና መስኮት ከሚያይ ሰው ይልቅ አገሩን ያውቃል። ዛሬ ወጣቶቻችን ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን በአንድ ሰዓት ያህል ሲደርሱ፣ በመካከል ስላለው ስለ ከረዩ፣ ስለ አፋርና ስለ ኢሳ አርብቶ አደር ኑሮ አንዳች ሳያውቁ ይቀራሉ፤ እርስ በርስ ያለመተዋወቃችን አንዱ ምንጭም ይህ ነው።

ሌሎች አገሮች ከዚህ አስቀድመው ነቅተዋል። መንገዳችንን በገንዘብና በመሐንዲስ የረዳችው ፈረንሳይ፣ በፓሪስ ከባስቲይ የሚነሣውን የተዘጋ የባቡር መንገድ በዕፅዋት አስጊጣ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ ለእግረኛ ሰጠች። እስፓኝ በዚያው ዓመት በጀመረችው ሥራ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተተወ የባቡር መንገድ ለብስክሌትና ለእግር ጕዞ አዘጋጅታ፣ ብዙ አሮጌ ጣቢያዎችን ምግብ ቤትና ማደሪያ አደረገች። አሜሪካ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1983 ባወጣችው ሕግ፣ ባቡር የተወው መሬት ሳይቆራረጥ የእግረኛ መንገድ ሆኖ እንዲጠበቅና አንድ ቀን ባቡር ቢያስፈልግ እንዲመለስ ፈቀደች። የዚህን ሕግ ጥበብ ጎረቤታችን ኤርትራ በሥራ አሳይታለች፤ ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣው ሐዲድ በጦርነት ዘመን ተነቃቅሎ ምሽግ መሥሪያ ቢሆንም፣ መደቡ ስለ ቀረ፣ በጡረታ የነበሩ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ከነፃነት በኋላ ተሰብስበው መልሰው ዘረጉት።

ተቃውሞ መኖሩን አንዘነጋም። ሐዲዱ ብረት ነውና ተሸጦ ለአገር ጥቅም ይዋል የሚል ሰው አለ፤ ይዋል እንኳ ቢባል፣ እኛ የምንሟገተው ስለ ብረቱ ሳይሆን ብረቱ ስለ ተኛበት መሬት ነው፤ ብረት ከገበያ ይገዛል፣ ተከታታይ የሆነ የመንገድ መሬት ግን አንድ ጊዜ በሕንፃና በአጥር ከተቆራረጠ በኋላ በማናቸውም ዋጋ መልሶ አይቀጠልም። ድኾች ቤት የሠሩበት ስፍራ አለ የሚልም አለ፤ እነርሱን ማፈናቀል ኃጢአት ነውና፣ መንገዱ በዚያ ስፍራ ጥቂት ዞር ብሎ ይለፍ፤ ለመንገደኛም ሻይና ቆሎ የሚሸጡት፣ መንገዱን የሚያሳዩትና የሚጠብቁት እነርሱው ይሁኑ። ስለ ጸጥታ የሚሠጋም እውነት አለው፤ ስለዚህ ጕዞው ሰላም ከሆነው ክፍል ይጀመር፣ መንገደኛውም በቡድን ሆኖ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አማክሮ፣ ውሃውን ይዞ፣ በቆላው የቀትር ፀሐይ ሳይሄድ፣ ወለሉ የተነቃቀለውን ድልድይ ሳይደፍር፣ ባቡር ከሚሄድበት ከአዲሱ ሐዲድም ርቆ ይጓዝ። ኮረቱ ለብስክሌት ጎማ ስለማይመች ለጊዜው በመደቡ ጠርዝ ያለውን የከብት መሄጃ መከተል ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፣ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። አስቀድሞ መሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካ፤ የቀረው ሁሉ በካርታ ተመዝግቦ እንዳይሸጥና እንዳይታጠር በሕግ ይከልከል፤ ይህ ከቀያሾች ደመወዝ በቀር ብዙ ወጪ የለውም። ቀጥሎ አንድ አጭር ክፍል፣ ሞጆና አዳማን የሚያገናኘው ቢሆን መልካም ነው፣ ኮረቱ ተደልድሎ፣ ጥላ የሚሰጡ ዋርካና ግራር ተተክሎበት ለምሳሌ ይከፈት። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሲዘረጋ እያየን ነውና፣ ያው አሳብ ከለገሃር እስከ አቃቂ ባለው አሮጌ መስመር ላይ ከተረፈው መሬት ጋራ ይያያዝ፤ በለገሃር አዲስ ሰፈር የሚገነቡትም ሰዎች የጣቢያውን ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ከሕንፃው የሚወጣውን መንገድ ጭምር በንድፋቸው ያስቡ፤ መንገዱ የተቆረጠበት ጣቢያ ትርጕሙ ይጐድላልና። የባቡሩን ነገር የሚያውቁ የቀድሞ ሠራተኞችም በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፣ ቃላቸውም ይጻፍ።

አንባቢም መንግሥት እስኪነሣ አይጠብቅ። መንገድ የሚጠበቀው በሚሄዱበት ሰዎች ነው፤ ሰው የሚመላለስበትን መሬት ባድማ ነው ብሎ ማጠር ይከብዳል፣ ሰው የረሳውን ግን ማንም ይወስደዋል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን፣ ማኅበራት አባሎቻቸውን፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ያዩትን ይመዝግቡ፣ የፈረሰውን ለሚመለከተው ያመልክቱ። አባቶቻችን በድኽነታቸው ዘመን፣ በበረሓ ንዳድ፣ በ23 ዓመት ትዕግሥት ይህን መንገድ አቅንተው አስረከቡን፤ እኛ ደግሞ መሥራት ሳይሆን መጠበቅ ብቻ ተጠይቀን እንቢ ያልን እንደሆነ፣ ለሚመጣው ትውልድ የምንሰጠው ምክንያት አይኖረንም።